ግልብጥ ኬክ በሰመራ

ግልብጥ ኬክ መጋገር የተማርኩት አዲሱ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ አዋሽ አጠገብ በነበረው የሠራተኞች ካምፕ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ዋናዋ ወጥ ሠሪ ድሬዳዋ ያደገች፣ ፊቷ ቶሎ የማይፈታ ሴት ነበረች። እሷ ለውጭ አገር ሰዎቹ ኬክ ስትጋግር እኔ ሳህን እያጠብኩ በዓይኔ እከተላታለሁ። አንድ ቀን «ምን ታፈጥጫለሽ? ነይ ያዥ!» ብላ መጥበሻውን እጄ ላይ ጣለችልኝ። መጀመሪያ ስኳሩ ብረቱ ላይ ይቀልጣል፤ ቀልቶ ሊያር ሲል ቅቤ ይገባበታል፤ በላዩ ፍሬው ይደረደራል፤ ሊጡ የሚፈስበት መጨረሻ ነው። በስሎ ሲወጣ ትሪ ይከደንበትና ይገለበጣል። ቶሎ ከገለበጡት ይፈርሳል፣ ከዘገዩ ደግሞ ስኳሩ ብረቱን ይዞ ይቀራል። ሙያው ይኸው ነው። ካምፑ ሲነሳ ሴትየዋ ወደ አገሯ ገባች፣ እኔ አዋሽ ቀረሁ።

ከዚያ የጅቡቲ መኪኖች በሚቆሙበት መንገድ ዳር ትንሽ ሻይ ቤት ከፈትኩ። ሰዉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ሳንቡሳና ቦምቦሊኖ ነበር። ግልብጡን ሳወጣ ሾፌሮቹ «ይሄ ደግሞ ወድቆብሽ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ከቀመሱት በኋላ ግን ገና ከመኪና ሳይወርዱ በመስኮት «ግልብጡ አለ?» እያሉ ይጮኹ ጀመር።

ባሌም ሾፌር ነው። «ነበር» እንዳልል ሾፌርነቱ አሁንም አለ፤ የሌለው ባልነቱ ነው። ሁለታችንም የኮምቦልቻ ልጆች ነን። ተሳቢ ይዞ ጅቡቲ ወደብ ይወርዳል፣ ጭኖ ይመለሳል፣ አዋሽ ሲደርስ ቤቱ ይገባል። አናናስ በጣሳ የሚያመጣልኝ እሱ ነበር። ካምፑ ውስጥ በአናናሱ ቀለበት መሐል ቀይ የጣሳ ፍሬ ይደረግ ነበር፤ እኔ ያንን ከየት አምጥቼ? በአፋር ቴምር ደፈንኩት። ቴምሩን ለሁለት ከፍዬ፣ ፍሬውን አውጥቼ፣ ሆዱን ወደ ታች። ስኳሩ ላይ ደግሞ ሄል ጨመርኩበት። ይሄንን ከማንም አልተማርኩትም፣ የራሴ ነው። አናናስ ሲጠፋ በሙዝ ሠራሁ፤ ሙዙ ጥሬነት ያልለቀቀው መሆን አለበት፣ የበሰለው ይሟሟል። በብርቱካን ስሠራ ከነልጣጩ በስሱ ቆርጬ መጀመሪያ እቀቅለዋለሁ፤ አለበለዚያ አፍ ላይ ይመራል። ዘይቱን የሚባለው ፍሬ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፣ ዘሩ ግን ጥርስ ውስጥ ይገባል ብለው አልወደዱልኝም።

ባሌ ወጥ ቤት አይገባም። የጠጣበትን ብርጭቆ እንኳ አንስቶ አያውቅም። «የሴት ቦታ ነው» ይላል። ቤት ሲሆን ግን ደጃፉ ላይ ዱካ አስጠግቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሻይ ይዞ ይቀመጥና ስሠራ ያየኛል። አልፎ አልፎ «ሄሉን ለምን አሁን ጨመርሽው?» ብሎ ይጠይቃል። «ከቅቤው በኋላ ከገባ ይመራል» እለዋለሁ። ጎረቤቶቼ «ታድለሽ፣ ባልሽ ካንቺ ዓይኑን አይነቅልም» ይሉኝ ነበር። እኔም እኔን የሚያይ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለካ የሚያየው እጄን ነው።

አንድ ጊዜ ከሎግያ የመጣ ሾፌር ኬኩን እየበላ «ሰመራም እኮ እንዲህ ያለ አለ» አለኝ። አጠገቡ የነበረው ጓደኛው በክርኑ ጎሸም ሲያደርገው አይቻለሁ። በሻይ ቤት ሰው መጎሻሸሙ አዲስ ነገር አይደለምና አለፍኩት። ማታ ለባሌ ስነግረው «የሰመራ ሰው ያየውን ሁሉ ይቀዳል» አለና ተኛ።

ሰመራ እንድሄድ ምክንያት የሆነችኝ አዋሽ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላት የወሎ ሴት ናት። ልጇን ለሰመራ ሰው ዳረች፤ ድግሱ በሙሽራው ቤተሰብ ዘንድ፣ እዚያው ሰመራ ነበር። ሱቋን ዘግታ እኔ ዘንድ መጣችና «እህቴ፣ ልጄ ያንቺን ግልብጥ እየበላች ነው ያደገችው። ያለሱ አልዳርም ብላኛለች» አለችኝ።

«በዚያ ሙቀት ኬኩ መንገድ ላይ ይቀልጣል እኮ» አልኳት።

«አንቺ ራስሽ ነይና እዚያ ጋግሪው። ኦቨን ያለው ካፌ እነሱ ይፈልጉልሻል።»

ባሌ ያን ጊዜ ጅቡቲ ጭነት እየጠበቀ ነበር። ደውዬ ነገርኩት። «ምን አባቱ ያደርግልሻል! ሙቀቱን አትችይውም፣ አትሂጂ» አለኝ። አዋሽ ደግሞ መቼ ቀዝቅዞ ያውቃል? «ቃል ገብቻለሁ» አልኩት። «አትሄጂም ብያለሁ» አለና ዘጋው። የተቆጣው ደክሞት ነው ብዬ ተውኩት። ልጄን፣ ያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትማር የነበረችውን፣ ጎረቤት አደራ ብዬ፣ የአናናስ ጣሳዎቼን፣ ቴምሬንና ሄሌን በከረጢት ይዤ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከሰው ጋር እስከ አዳይቱ እየተጨዋወትን ሄድን፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ሁሉንም አፉን አስያዘው።

የሙሽራው ዘመዶች የወሰዱኝ ካፌ ከመሥሪያ ቤቶቹ ጀርባ ያለ ንጹሕ ቤት ነው። ባለቤቷ ወጣት ናት፤ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ ፊቷ በላብ ወዝቶ፣ ስታየኝ ሮጣ መጥታ ከረጢቴን ተቀበለችኝ። «እንኳን ደህና መጡ እትዬ፣ ውሃ ይጠጡ መጀመሪያ» አለችኝ። ጓዳው ውስጥ ሰሌን ላይ ትንሽ ወንድ ልጅ ተኝቷል። ቤቷን ወደድኩት፣ እሷንም ወደድኳት። ይሄንን ሳልናገር ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር።

ሥራ ጀመርን። እሷ እንቁላል ትመታለች፣ እኔ ስኳር አቀልጣለሁ። የመጀመሪያውን ትሪ ስደረድር በአናናሱ መሐል ቴምር ስከት አየችኝና እጇን አቆመች።

«እትዬ፣ እርስዎም በቴምር ነው የሚደፍኑት?»

«ሌላ ማን ይደፍናል?»

«እኛ ነና!» አለች እየሳቀች። «ባለቤቴ ነው ያስተማረኝ። ሾፌር ነው፣ ግን ወላሂ እጁ የወንድ እጅ አይደለም። ሲመጣ ሽርጤን ታጥቆ ከኔ ጋር ይጋግራል። ልጁን በአንድ እጁ አቅፎ በሌላው ሊጥ ይመታል። ሰው እስኪስቅበት።»

እስከዚህ ድረስ ምንም አልመሰለኝም። ሾፌር በዚህ መንገድ ላይ እንደ አሸዋ ነው። «ታድለሻል» አልኳት፣ እኔን እንደሚሉኝ። «እሱስ ከየት ተማረው?»

«ጅቡቲ አንድ ሆቴል ውስጥ ሲሠሩ አይቶ ነው። እርስዎ ሄልም ይጨምራሉ?»

«እጨምራለሁ።»

«ስኳሩ ሲቀላ ነው አይደል፣ ከቅቤው በፊት? ከቅቤው በኋላ ከገባ ይመራል ይለኛል።»

ይሄ የኔ ቃል ነው። ከኔ አፍ ወጥቶ ደጃፌ ላይ ከተቀመጠ አንድ ሰው በቀር ለማንም የነገርኩት አይደለም። ማንኪያውን አላስቀመጥኩም፤ ማማሰሌን ቀጠልኩ። «አገሩ የት ነው ባልሽ?» አልኳት።

«ኮምቦልቻ። እኔ ባቲ ነኝ።»

ስልኳ ያን ጊዜ ጮኸ። እጇ በዱቄት ተሸፍኖ ስለነበር በአውራ ጣቷ ነካ አድርጋ ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ተወችው።

«የኔ ማር፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አለ።

በትዳር በኖርንበት ዘመን እኔን «አንቺ» ነበር የሚለኝ። ሲበዛ «የልጄ እናት» ይለኛል። ማር ብሎ ሲጠራ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ለሰርግ እየጋገርን ነው» አለችው። «አንተ ያስተማርከኝን ግልብጥ! እንግዳዋ ሴትዮ ደግሞ ልክ እንዳንተ በቴምር ነው የምትሠራው። ከአዋሽ ነው የመጣችው።»

«ከየት?» አለ።

«ከአዋሽ!»

ስልኩ ተቋረጠ። «ኔትወርኩ ነው» አለችኝና ወደ እንቁላሏ ተመለሰች።

ወዲያው የኔ ስልክ ከረጢቴ ውስጥ መንዘር ጀመረ። ቆመ፣ ደግሞ ጀመረ። ስኳሩ እያማሰልኩት አረረ፤ ጥቁር ጭሱ ሲነሳ «እትዬ!» ብላ መጥበሻውን ከእሳቱ አወጣችው። «ስልክዎ ይጠራል እኮ፣ አያነሱትም?»

እጄን ጠርጌ ስልኩን አወጣሁና አሳየኋት። ከላይ «አባቷ» የሚል አለ፤ ልጄ ናት የጻፈችልኝ። ከሥሩ ቁጥሩ አለ። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ሴት የገዛ ባሏን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች።

«ባልሽ ነው» አልኳት። «ባሌም ነው።»

የዱቄቱ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። «ፈትቻታለሁ ነው ያለኝ» አለች። «ወላሂ ነው የምልዎት። ኮምቦልቻ ናት፣ ሌላ አግብታለች አለኝ። በኒካ ነው የወሰደኝ፣ አባቴ ፊት።»

ድሮኝ ነበር ለካ። እኔ አዋሽ ላይ ሸሚዙን እያጠብኩ፣ እሱ ባቲ ወርዶ ሽማግሌ ፊት ለሌላ ባል ድሮኛል።

ልታለቅስ ፊቷ ተኮማተረ። እኔ ማልቀስ አልመጣልኝም፤ የመጣልኝ ንዴት ነው፣ ንዴቱም የት እንደሚያርፍ አላወቀም። ልጇን ላለማየት ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ አየሁት። ግንባሩ የልጄ ግንባር ነው።

«ተነሽ» አልኳት። «ኦቨኑ ውስጥ ያለው ሳይከስል አውጪው። ሰርገኛ ይጠብቃል።»

ተነሳች። እንባዋ እየወረደ አወጣችው። ሁለታችን ትሪውን በሁለት በኩል ይዘን ገለበጥነው፤ ለአንድ ሰው ይከብድ ነበር። አንዲት ቀለበት እንኳ ሳትላቀቅ ወጣ። ያን ቀን የሠራነው ሁሉ አማረ፤ እንዲበላሽ የፈለግኩበት ቀን ቢኖር ያ ነበር። እስክንጨርስ ድረስ ከ«አቀብይኝ» እና ከ«እሺ» በቀር የተነጋገርነው የለም። ስወጣ ደጁ ድረስ ተከትላ «እትዬ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለችኝ። አልመለስኩላትም።

ሰርጉ ቤት ኬኩ ሲገባ እልልታው ቀለጠ። ከሙሽራው ወገን የሆነች አንዲት ትልቅ ሴት ቁራሽ አንስታ ቀመሰችና ለጎረቤቷ «ይሄማ የዚያች የካፌዋ ልጅ ኬክ ነው። የሷ እጅ ያስታውቃል» አለቻት። የሙሽሪት እናት ልታርማት አፏን ስትከፍት ክንዷን ያዝኩት። ምን ብዬ ልከራከር? የሙሽሪት እናት በመገረም አየችኝ፤ ድካም ነው አልኳት። እዚያ ቤት አድሬ በጠዋቱ መኪና ተመለስኩ።

ባሌ ከዚያ በኋላ ጭነቱን ይዞ አዋሽ እስኪገባ አልደወለም። ሲመጣ እንደ እንግዳ በር ላይ ቆሞ አሰላሙ አለይኩም አለ። ልጃችን ትምህርት ቤት ነበረች።

«ሐራም አልሠራሁም» አለ ገና ሳይቀመጥ። «በኒካ ነው። ሸሪዓው ይፈቅድልኛል።»

«ሸሪዓው ፈትቻታለሁ ብለህ ዋሽ ይላል?»

«አባቷ እምቢ እንዳይል ነው። ወሬ ነው እንጂ አልፈታሁሽም እኮ።»

«ለኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ እንዲህ እንደምትሆኚ አውቄ!»

ብዙ የምለው ነበረኝ። በመኪናው ውስጥ ከሰመራ እስከ አዋሽ ስደረድረው መጥቻለሁ። አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነበር። «ሽርጥ ታጥቀህ ትጋግራለህ አሉ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ ነው ያፈረው። ስለ ኒካው፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ውሸቱ አንገቱን ቀና አድርጎ የመለሰልኝ ሰው በዚህ አቀረቀረ። «እሷ ልጅ ናት፣ ብቻዋን አትችለውም» አለ።

«እኔ ስጀምር ስንት ዓመቴ ነበር?»

ባል ሌላ ሴት ቢያገባ ሸክሙ ከባድ ነው፣ ግን ስሙ አለው፤ ጣውንት ይባላል። እናቴም ጣውንት ነበራት፤ አብረው ሲበሉ እያየሁ ነው ያደግኩት። እኔን የቆረጠኝ ግን ያ ሽርጥ ነው። እጄ በትኩስ ትሪ ሲቃጠል አንድ ቀን ሊቀበለኝ ከዱካው ያልተነሳ ሰው፣ መነሳት የሚችል ሰው ነበር።

ፍታኝ አልኩት። ታላቅ ወንድሜ ከኮምቦልቻ መጣ፣ ሸኹና ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። «ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ» አሉኝ። «ሁለታችሁንም አስተካክሎ ከያዘ ምን ጎደለብሽ? መምታት አልመታሽ፣ ማስራብ አላስራበሽ።» እውነታቸውን ነው፣ አልመታኝም፣ አላስራበኝም። ስለ ኬክ ምን ብዬ ልንገራቸው? አንድ ጊዜ ልነግር ጀምሬ ወንድሜ ራሱ «ስለ ኬክ ብለሽ ቤት ታፈርሻለሽ?» ሲለኝ ተውኩት። ባሌም «አልፈታም» ብሎ ሰነበተ። ኋላ እሱ ሲመጣ የቤቱን በር አልከፍትም ስል፣ የመንገድ ሰው መሳቂያ እንዳይሆን ፈታኝ።

ሾፌሮቹ ለካ ሁሉም ያውቁ ነበር። ሰመራ ላይ የሷን ቁርስ በልተው አዋሽ ላይ የኔን መክሰስ ይበሉ ነበር። ያ ከሎግያ የመጣው ሾፌር ቆይቶ ሲመጣ ፊት ለፊት ጠየቅኩት። «ወላሂ ተስማምታችሁ መስሎን ነበር» አለኝ። «ጓደኛህ የጎሸመህ ስለተስማማን ነው?» አልኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። አሁንም ይመጣሉ፤ የሚበሉት ቦታ ሌላ ስለሌለ እንጂ ወዳጅነቱ የለም። «ግልብጡ አለ?» ሲሉኝ «አለ» እላለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ አስቀምጥላቸዋለሁ።

ወጣቷ እሱን አልተወችውም። ልጅ ይዛ የት ትሄዳለች? በየዒዱ መልእክት ትልክልኛለች፣ «አውፍ ይበሉኝ» የምትለዋን ቃል ሳትተው። በደል እንደሌለባት አውቃለሁ፤ እንዲያውም ከኔ እኩል ተዋሽቶባታል። ግን ይቅር ያልኳት እንደሆነ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስላቸዋልና አልመልስላትም።

የከፋብኝ ልጄ ናት። ስነግራት የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። «እኔ ወንድም አለኝ ማለት ነው?» አለች። በክረምቱ እረፍት አባቷ ወሰዳት። ስትመለስ ስልኳ ሙሉ የሕፃኑ ፎቶ ነው። በሌላው እረፍትም ሄደች። ካፌው ውስጥ ታግዛለች፤ እኔ ጋ ሳህን አጥቢ ስላት ጥናት አለብኝ ትላለች።

አንድ ቀን ጠረጴዛ ስጠርግ ቆማ አየችኝና «እነሱ በፓፓያ ይሠራሉ፣ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ፓፓያ ውሃ ነው፤ አይሆንም» አልኳት።

«ይሆናል። አባዬ መጀመሪያ በሎሚ ይዘፈዝፈዋል፣ ከዚያ በጨርቅ ያደርቀዋል። ካንቺ የአናናስ ይበልጣል፣ እውነቴን ነው እማዬ፣ አትቀየሚኝ።»

አልተቀየምኩም አልኳት። ትምህርት ቤት ስትሄድ ከገበያ ፓፓያ ገዝቼ በሎሚ ዘፈዘፍኩት፣ በጨርቅ አደረቅኩት፣ ሠራሁት። እንዳለችው ነው። ጠንክሮ ወጣ፣ መዓዛውም ቀለሙም ያምራል። አንድ ቁራሽ በላሁና ሌላውን ለጎረቤቶቼ አከፋፈልኩት። «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ? እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። አሜን አልኩ።

ዘንድሮ ለልጄ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት፣ ሰመራ። ማደሪያው ይሞቃል፣ አባዬ ቤት ይሻለኛል አለች። እኔም ሻንጣዋን አሰርኩላት፤ በአባቷ መኪና ስትሄድ ከፊት ወንበር ሆና እጇን አወዛወዘችልኝ። ማታ ደውላ በደህና መግባቷን ነገረችኝ። ከጀርባዋ የሳህን ድምፅና ሳቅ ይሰማኝ ነበር። «ምን እየሠራችሁ ነው?» ብዬ ልጠይቃት ፈለግኩ። «እራትሽን ብይ» አልኳትና ዘጋሁ።